በበጋ ተገዝቶ በክረምት የሚያፈስ ቤት፦ ሻጩን ለመጠየቅ ምን መደረግ አለበት?

በጥርና በየካቲት የታየ ቤት ሁሉ ደህና ይመስላል። ግድግዳው ደርቋል፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ አይሸትም፣ ኮርኒሱ ላይ የነበረው የውሃ ምልክት በቀለም ተሸፍኗል። ባሕር ዳር ላይ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ጣና ደግሞ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ስለዚህ የጣሪያ ችግር በሐምሌ ይታያል፣ የእርጥበትና የፍሳሽ ጉድጓድ ችግር በነሐሴና በመስከረም ይከተላል። የመሠረት ስንጥቅ የሚብሰው ግን አፈሩ ሲደርቅ፣ ከየካቲት ወዲያ ነው። ገዥ ቤቱን በደንብ ለማወቅ አንድ ሙሉ ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው።

ጉድለቱ ብቅ ሲል ሻጩ «አይተህ ወደህ ገዝተሃል» ይላል፤ ገዥው «ደብቀኸኝ ነው» ይላል። ማን እንደሚረታ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የጉድለቱ ክብደት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጻፈውና የተያዘው ማስረጃ ነው።

ሕጉ የት ላይ ይቆማል

የቤት ሽያጭ የሚመራው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 2875 ስለ ሽያጭ የተደነገገው ጠቅላላ ሕግ ለማይንቀሳቀስ ንብረትም እንደሚያገለግል ይናገራል። በዚህ በር ቁጥር 2287 ይገባል፦ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው። ይህ ዋስትና በውሉ ላይ ባይጻፍም አለ። ጉድለት አለ የሚባለው ቤቱ ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጥራት ሲጎድለው፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በውስጠ ታዋቂነት (በቃል ሳይጻፍ ከውሉ በሚገባ መንገድ) የተነገረለትን ነገር ሳያሟላ ሲቀር ነው (ቁጥር 2289)። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚሰምጥ መሠረት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ግቢ ውስጥ የሚፈስ ሴፕቲክ ታንክ (የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጉድጓድ) እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የተፋቀ ቀለም ወይም ያረጀ የበር ቁልፍ አይገባም።

ክሱ ከመነሻው እንዳይወድቅ ሦስት ጥያቄ ማለፍ አለበት። አንደኛ፣ ጉድለቱ ወይም መንስኤው ቤቱን ሲረከቡ ነበረ? ከርክክብ በኋላ እርስዎ ያስቆፈሩት ጉድጓድ ያመጣውን ስንጥቅ ሻጩ አይከፍልም። ሁለተኛ፣ ጉድለቱን ያውቁት ነበር ወይስ ማንም ሰው ዓይኑን ገልጦ ቢያይ የሚያየው ነበር? ሳሎን መሐል የተቀመጠን የውሃ መቀበያ ባልዲ አይቶ ገዝቶ «ጣሪያው አፈሰሰ» ብሎ መክሰስ አይቻልም። ሦስተኛ፣ ጉድለቱን እንዳዩ ለሻጩ ሳይዘገዩ አሳውቀዋል? ብዙ ገዥ የሚወድቀው በዚህኛው ነው። «ክረምቱ ይውጣና አነጋግረዋለሁ» እያለ እስከ ኅዳር ይቆያል፤ ያን ጊዜ ሻጩ «ይህ በአንተ እጅ የመጣ ነው» ለማለት ሰፊ ቦታ ያገኛል።

ለክሱም ገደብ አለው። ሻጩ በተንኮል ካላሳተዎ በቀር፣ ለሻጩ ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ መብቱ ይጠፋል (ቁጥር 2298)። በሽምግልና የባከነው ጊዜ የሚካካስ አድርገው አይቁጠሩት።

ሻጭ «ከርክክብ በኋላ ለሚገኝ ጉድለት አልጠየቅም» የሚል ቃል በውሉ ሊያስገባ ይችላል። ቃሉ ይሠራል፤ ግን እያወቀ በተንኮል የደበቀውን ጉድለት አይሸፍንለትም። ማታለሉ ባይኖር ኖሮ ጨርሶ የማይገዙት ቤት ከሆነ ሌላም መንገድ አለ፦ ውሉ በማታለል የተገኘ ነው ብሎ ማስፈረስ (ቁጥር 1704)። የዚህ ክስ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው (ቁጥር 1810)። ሁለቱም መንገድ የሚዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሻጩ ያውቅ ነበር ወይ?

ያውቅ እንደነበር ቤቱ ራሱ ይናገራል

የዋልካ አፈር ስንጥቅ። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር አለ። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በላዩ ያረፈ ቀላል ባለ አንድ ፎቅ ቤት አብሮት ይነሣል ይወርዳል። ዋልካው ተጠርጎ ወጥቶ በተመረጠ ሙሌት ካልተተካ፣ ወይም ግራውንድ ቢሙ (ግድግዳውን ከሥር የሚሸከመው ኮንክሪት) ከደከመ፣ ስንጥቁ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይወጣል፤ ብሎኬት ላይ ሲደርስ የስሚንቶውን መገጣጠሚያ ይዞ እንደ ደረጃ ይሄዳል። ልስን ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ስንጥቅ ከዚህ የተለየ ነው፤ ከ1 ሚሊ ሜትር አይሰፋም፣ ከውጭው ግድግዳም አይታይም። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሰፍቶ በውስጥም በውጭም ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ የመሠረት ነው።

ማስረጃውን እንዲህ ይያዙት። ስንጥቁ ላይ ጣት የሚያህል ስስ ጀሶ በአግድም ይለጥፉና ቀኑን በላዩ ይጻፉ። ጀሶው በሳምንታት ውስጥ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። ከዚያ በቢላ ጫፍ ስንጥቁን ጥቂት ይክፈቱት፤ ውስጡ አሮጌ ስቱኮ ወይም ከዛሬው የተለየ ቀለም ከወጣ፣ ስንጥቁ ከእርስዎ በፊት ነበረ፣ የሞላውም ሰው ያውቀው ነበር። በጠቅላላ ቤቱ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ከተቀባም ያው ነው። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው አጠገብ ካለ ለመሐንዲሱ ይንገሩት፤ አፈሩን በበጋ የበለጠ ያደርቀዋል፣ ሻጩም መከላከያ አድርጎ ሊያነሣው ይችላል።

ከሥር የሚወጣ እርጥበት። ወደ ሐይቁ በተጠጉና በዝቅተኛ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። ከመሠረቱ በላይ እርጥበት ከልካይ ካልተደረገ ውሃው በብሎኬቱ ውስጥ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከወለሉ እስከ 1 ሜትር አካባቢ ቀለሙ ይነሣል፣ ነጭ ጨው ይታያል፣ ልስኑ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። መደበቂያው የታወቀ ነው፦ አዲስ ዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ልባጥ)፣ ወይም ወገብ ድረስ የተለጠፈ ሴራሚክ ሳሎን ውስጥ ሳይቀር። አንድ ሴራሚክ ተነሥቶ ከኋላው ያለው የረጠበ ልስን ፎቶ ቢነሣ ከአሥር ምስክር ይሻላል።

ሴፕቲክ ታንክ። አለት በቀረበበት ቦታ ጉድጓዱ ጥልቀት ያጣል፤ ውሃ በቀረበበት ቦታ ደግሞ ክረምት ላይ ማስረጊያው አይሰርግም። ውጤቱ አንድ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ይፈስሳል፣ በየጥቂት ሳምንቱ መምጠጫ ቦቴ ይጠራል። ሻጩ ማወቁን ለማስረዳት ቦቴውን የሚያሽከረክረውን ሰውና ቤቱን ቀድሞ የተከራየውን ሰው ያግኙ። የድሮ ተከራይ ጥሩ ምስክር ነው፤ ክረምቱን እዚያው ቤት ያሳለፈ ሰው ነው፣ ከሽያጩም የሚያገኘው የለም። ግቢው ውስጥ የሚጠጣ ጉድጓድ ካለ ከፍሳሹ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ 30 ሜትር ይመከራል፣ በጠባብ ግቢ ግን ይህ ሲሟላ እምብዛም አይታይም።

ጣሪያ። ኮርኒሱን ብቻ አይመልከቱ፤ አንድ ክፍል አስነሥተው ከላይ ያለውን እንጨት ይዩ። የበሰበሰ ሞራሌ፣ የዛገ ምስማር፣ በሬንጅ የተለጠፈ የምስማር ቀዳዳ ካለ፣ ሬንጁን የለጠፈው ሰው ውሃ ሲገባ አይቷል። ዝናብ እስኪመጣ መጠበቅ ካልተቻለ በላስቲክ ቱቦ ከታች ወደ ላይ እየሄዱ አንዱን ቦታ ለ30 ደቂቃ ያህል ማጠጣት ይበቃል። ከላይ ከጀመሩ የትኛው ቀዳዳ እንዳስገባ አይለይም።

የእንጨትና ጭቃ ቤት ከሆነ ምስጥን አይርሱ፤ ቋሚውን ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በዊንዲቨር ይውጉት። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ጣሪያውና የጋራ ቧንቧው የጋራ ሕንጻ ክፍል ስለሆነ፣ ከሻጩ በፊት የነዋሪዎች ማኅበሩን ማነጋገር ይቀድማል።

ጉድለቱ በታየ ሳምንት የሚሠራ

መጀመሪያ አይጠግኑ። ብዙ ሰው ሠራተኛ ጠርቶ ጣሪያውን አስነሥቶ፣ ግድግዳውን አስለስኖ፣ ከዚያ ደረሰኙን ይዞ ሻጩ ጋ ይሄዳል። ማስረጃው ግን አብሮ ተለስኗል። ሜትር ወይም ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ ውሃው ሲገባ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ዋናውን ፋይል ከስልኩ አያጥፉ። በአንጻሩ ጉዳቱ እየባሰ እያዩ ዝም ማለትም አያዋጣም፤ ሕጉ ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቃል። ሸራ ማልበስ፣ ዕቃ ማውጣት፣ ኤሌክትሪክ ማስቆረጥ ይፈቀዳል፤ የወጣውን ገንዘብ ደረሰኝ ይያዙ፣ የተነሣውን የበሰበሰ እንጨትና ቆርቆሮ አይጣሉ።

ቀጥሎ በቀናት ውስጥ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ። በስልክ መናገር አይበቃም፤ ፍርድ ቤት ላይ «አልነገረኝም» ለማለት አንድ ቃል ብቻ ይፈጃል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

«ለአቶ ______
ጉዳዩ፦ በገዛሁት ቤት ላይ የተገኘ ጉድለትን ስለማስታወቅ
በ______ ቀን በተደረገ የሽያጭ ውል፣ በባሕር ዳር ከተማ ______ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የካርታ ቁጥሩ ______ የሆነ ቤት ከእርስዎ መግዛቴ ይታወቃል። ሐምሌ 14 ቀን በጣለው ዝናብ የዋናው መኝታ ቤትና የሳሎኑ ጣሪያ አፍስሷል። ኮርኒሱ ሲነሣ የበሰበሱ ሞራሌዎችና ቀደም ሲል በሬንጅ የተለጠፉ ቀዳዳዎች ተገኝተዋል። ሐምሌ 20 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ራስዎ ወይም ወኪልዎ ቤቱ ድረስ መጥተው እንዲያዩ፣ ጉድለቱንም በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስተካክሉ ወይም የማስጠገኛውን ወጪ እንዲከፍሉ አስታውቃለሁ። ይህ ካልሆነ በሕግ የምጠይቅ መሆኑን እገልጻለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ሻጩ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ፊት ሰጥተው ምስክሮቹ በጀርባው ላይ ይፈርሙ፤ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። በቴሌግራም ፎቶውን መላክ ጥሩ ተጨማሪ ነው፣ ምትክ ግን አይደለም። ሻጩ «እሺ ወንድሜ፣ አስጠግንልሃለሁ» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ ያቺን መልእክት እንደ ውሉ ይጠብቋት።

ሦስተኛው የባለሙያ ሪፖርት ነው። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መሆን አለበት፤ ጎረቤት ያለ ግንበኛ የሚነግርዎ እውነት ቢሆንም ችሎት ላይ ክብደት ያንሰዋል። መሐንዲሱ «ቤቱ ተሰንጥቋል» ብሎ ቢጽፍ ምንም አልጠቀመዎትም፤ መሰንጠቁን ሻጩም ያምናል። ሪፖርቱ መመለስ ያለበት ምን አመጣው፣ መቼ ጀመረ፣ ለማስተካከል ምን ሥራ በስንት ዋጋ ያስፈልጋል የሚሉትን ነው። ለመሠረት ጉዳይ ከግድግዳው ጎን እስከ መሠረቱ ግርጌ ድረስ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የአፈሩ ዓይነት፣ የመሠረቱ ጥልቀት፣ ሙሌት መኖር አለመኖሩ ከሜትር ጋር ፎቶ ይነሣ። ሻጩ በተጋበዘበት ቀን ቢቆፈር ይመረጣል፤ ቀርቶ እንኳ ቢሆን መጋበዙ ይመዘገባል።

ከዚያ ሽማግሌ። ብዙው ጉዳይ እዚህ ያልቃል፤ ማለቁም ደግ ነው፣ ክስ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ግን እርቁ በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት ብር፣ በስንት ቀን፣ ካልተከፈለ ምን ይሆናል። «ለእግዚአብሔር ብሎ ያስተካክልልሃል» የሚል እርቅ መስከረም ሲጠባ ይረሳል።

ምን ይጠየቃል፣ ምን ይገኛል

ውል ሳይፈጸም ሲቀር ሕጉ ሦስት ነገር ይፈቅዳል፦ እንደ ውሉ እንዲፈጸም ማስገደድ፣ ውሉን ማፍረስና ካሣ (ቁጥር 1771)። ገዥው ሲናደድ መጀመሪያ የሚያነሣው ማፍረሱን ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ውልን የሚያፈርሰው መሠረታዊው የውሉ ነገር ሲጓደል ነው (ቁጥር 1785)። ሰው ሊኖርበት የማይችል የሚሰምጥ ቤት ያን ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ጣሪያ፣ እርጥበት፣ ሴፕቲክ ታንክ ግን ብዙ ጊዜ የማስጠገኛ ዋጋ ናቸው። ክሱ ሲጻፍ ሁለቱን በአማራጭ ማቅረብ ይቻላል፦ ውሉ ይፍረስልኝ፣ ይህ ካልሆነ በመሐንዲሱ ሪፖርት የተመለከተው ወጪ ይከፈለኝ።

እዚህ ላይ ገዥን የሚያስለቅስ አንድ የተለመደ አሠራር አለ። የስም ማዛወሪያ ክፍያ እንዲቀንስ ተብሎ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጻፋል። ውሉ ሲፈርስ ሻጩ «የተቀበልኩት ውሉ ላይ ያለውን ነው» ይላል፤ በጽሑፍ ውል ላይ የሰፈረን ቃል በሰው ምስክር መለወጥም አይፈቀድም። በአፍ የተከፈለው ልዩነት የት እንደሚገባ መገመት አይከብድም። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ካለ ቢያንስ ዱካ አለው።

ከመሐንዲሱ ሪፖርት ጉድለቱ የግንባታ ስህተት መሆኑ ከወጣና ቤቱ በሥራ ተቋራጭ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ተጠያቂ አለ። ተቋራጭ የሠራውን ሥራ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ነው (ቁጥር 3039)፤ የአፈሩ ጠባይ ያመጣው ጉዳትም ዋስትናው ውስጥ ነው። መብቱ ግን የአሠሪው፣ ማለትም የሻጩ ነው። ስለዚህ ገና ሲገዙ «ከተቋራጩ ጋር ያለኝን የዋስትና መብት ለገዥ አስተላልፌያለሁ» የሚል አንድ መስመር ያስጨምሩ፤ የግንባታ ውሉን ቅጂም ይቀበሉ።

የወረቀት ጉድለት

ሁሉም ጉድለት ግድግዳ ላይ አይታይም። ከካርታው ወጥቶ የተሠራ ሰርቪስ ቤት፣ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተጨመረ ፎቅ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ውዝፍ፣ ባንክ ያስያዘው እገዳ፣ ከሐይቁ ዳርቻ በተጠበቀ መሬት ላይ የተገፋ አጥር ይኖራል። ሦስተኛ ወገን በውሉ ጊዜ በነበረው መብት ተነሥቶ ቤቱን በሙሉ ወይም በከፊል ካስለቀቀዎ ሻጩ መልስ መስጠት አለበት (ቁጥር 2281)፤ «ተከራካሪ ቢመጣ ተከራክሬ መልስ እሰጣለሁ» የሚለው የተለመደ የውል ቃልም ይህንኑ ነው። ከፊርማ በፊት ካርታውን ከሳይት ፕላኑ ጋር ይዘው በሜትር ግቢውን ይለኩ፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ያጣሩ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጡልዎት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው፤ ከካርታው ውጭ ያለችው ሁለት ሜትር የሻጩም አልነበረችም።

ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም (ቁጥር 2877)፤ ሰነዶች አረጋጋጭ ፊትም ቀርቦ ይመዝገብ። ደላላው «ይህ ቤት ውሃ ገብቶበት አያውቅም» ካለዎ ቃሉን ሻጩ በውሉ ላይ ይጻፈው። ካልጻፈ መልሱን አገኙ። የሚቻል ከሆነ ከዋጋው ትንሽ ድርሻ እስከ ጥቅምት ተይዞ እንዲቆይ ይስማሙ፤ ሻጭ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል፣ ግን እምቢታው ራሱ ለዋጋ ድርድር ይጠቅማል። ቀብድ ሲሰጡም ይጠንቀቁ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሐሳቡን የለወጠ ቀብድ ሰጪ ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ ተቀባዩ ከለወጠ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል (ቁጥር 1885)። መሐንዲስ ማስገባት ከቀብድ በፊት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሻጭ ለሆኑ

ሻጭ ራሱን የሚጠብቀው ጉድለቱን በመናገር ነው፤ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ። ገዥ አውቆ የገዛው ጉድለት ዋስትና የለውም። «ጉድለት ሊኖርበት ይችላል» የሚል ጥቅል ቃል ግን ምንም አይከላከልም፤ ቦታው፣ ዓይነቱና የተደረገው ጥገና ይጠቀስ፦ «በምሥራቁ ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን የሚነሣ ስንጥቅ በ2014 ዓ.ም. ተሞልቷል፤ ሴፕቲክ ታንኩ በነሐሴና በመስከረም በየወሩ ይመጠጣል፤ ገዥ ይህን አውቆ ገዝቷል።» ይህ ዋጋ ያወርዳል። በኋላ ግን «ደብቆኛል» የሚለውን ክስ፣ እሱም ከተረጋገጠ «አልጠየቅም» የሚለውን ማናቸውንም የውል ቃል የሚያፈርሰውን፣ ከመንገድ ያወጣዋል። የርክክቡ ቀን በየክፍሉ ፎቶ አንሥተው አትመው ገዥውን በየገጹ ያስፈርሙ፤ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብም እዚያው ይጻፉ። ቤቱን ለመሸጥ ብለው ካስቀቡት ደግሞ የቀለም ሠራተኛው ምን ምን እንደሸፈነ አስቀድመው ይጠይቁት፤ ነገ ምስክር ሆኖ የሚጠራው እሱ ነው።